ፊቱ ያልተገኘ ሞሚጂ

መነኩሴው የሰባተኛውን ቀን ጸሎት ጨርሶ ሻይ ሲቀርብለት ሐዘንተኛዋ ከቦታዋ አልነበረችም። የሟቹ ታላቅ እህት ሚዮ፣ እንግዶቹ እንዳይታዘቡ ፈገግ ብላ ተነሳችና በጓሮ በር ወጣች። የጠረጠረችው አልቀረም። ታዙኮ የሐዘን ኪሞኖዋን በአንድ እጇ ሰብስባ አንድ ዛፍ ትዞራለች። ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ወደ ግራ ትመለሳለች። ላያት ሰው ዶሮ የጠፋባት እንጂ ባል የሞተባት አትመስልም።

“ቤቱ ሰው ሞልቶ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” አለቻት ሚዮ በሹክሹክታ።

“ፊቱ ጠፋኝ፣ እትዬ።”

“የማን ፊት?”

“የዚህ ዛፍ።”

ሚዮ ዛፉን አየችው። ግንዱ የሰው ጭን ያህላል፤ ቅርንጫፎቹ እንዳሻቸው ተንጨፍርረዋል፤ ሥሩ በእርጥብ ገለባና በጆንያ ተጠቅልሏል። ከተራራ ተነቅሎ የመጣ ጥሬ ሞሚጂ ነው፤ በመጸው ቅጠሉ ፍም የሚመስለው የሜፕል ዛፍ። ወንድሟ ቶኩጂ ዕድሜውን የፈጀው እንዲህ ያለውን ግንድ እየቆረጠና እየገራ፣ በሠላሳ ዓመት ልፋት ከአንድ ሳህን ውስጥ የሚቆም ድንክ ዛፍ፣ ቦንሳይ፣ በማድረግ ነበር። አሁን እሱ አመድ ሆኖ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፎቶው ሥር ተቀምጧል። ሚዮ የወንድሟን ሚስት እጅጌ ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት።

ቶኩጂ የሞተው ተራራ ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት “አፈር ልገዛ ነው” ብሎ ከቤት ወጣ። በሚኖሩባት በካኑማ አፈር ልገዛ ነው ማለት ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ ልገዛ ነው እንደ ማለት ነው፤ የአገሩ ቦንሳይ ተካይ ሁሉ የሚገዛው ቢጫ አፈር የሚቆፈረው ከነሱው እግር ሥር ነው። ታዙኮ ግን ዛፎቹን እያጠጣች ስለነበር ነገሩን ልብ አላለችውም፤ “እሺ” ብላ ሸኘችው። ሐኪሙ በልቡ ሕመም ምክንያት ተራራ ከከለከለው ሁለት ዓመት አልፏል። እሱም ሁለተኛ አልወጣም ብሎ ምሎላት ነበር። አመሻሹ ላይ የጫካው ባለቤት ኢዋኦ በጭነት መኪናው መጀመሪያ ሬሳውን፣ ተመልሶ ደግሞ ዛፉን አመጣ።

ስለዚህ የታዙኮ ሐዘን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በጥያቄ የተበረዘ ነበር። አስከሬኑ ከመቃጠሉ በፊት ሚዮ እንደ ሥርዓቱ የሬሳውን መከለያ ዘቅዝቃ አቆመች፣ የልብሱን ግራና ቀኝ አቀያየረች፣ ለመታጠቢያው በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ፍል ውሃ ጨመረች። ለሞተ ሰው ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ታዙኮም እያየች፣ የኔም ሐሳብ አብሮ ተገለበጠ መሰለኝ ትል ነበር በልቧ። ማልቀስ ስትጀምር ንዴት ይመጣባታል፤ ልትቆጣው ስትል የምትቆጣው ሰው የለም። አርባ አራት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ዋሽቷት ሄዶ ሞተ። ለምን?

መልስ የሚሰጣት ነገር ቢኖር ዛፉ ብቻ መሰላት። ዛፉ ደግሞ ጊዜ አልነበረውም።

ይህን የነገራት ሳዳዩኪ ነው። ሳዳዩኪ በአሥራ አምስት ዓመቱ ለቶኩጂ ተቀጥሮ ሙያውን የተማረ፣ አሁን የራሱ ጓሮና የራሱ ተማሪዎች ያሉት የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። በየሰባት ቀኑ እየመጣ ዕጣን ያጨስና ዛፎቹን አይቶ ይሄዳል። በሁለተኛው ሰባት፣ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ጆንያውን ፈታ አድርጎ ሥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ቶኩጂ ሥር የሚቆርጠው ረጅም አድርጎ ነበር፤ ይኼኛው ግን ከግንዱ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ተቆርጧል። ጉልበት ያነሰው ሰው አቆራረጥ ነው። ይህች ሥር ይህን ሁሉ ቅርንጫፍ አትመግብም፤ እምቡጦቹ ደግሞ መቅላት ጀምረዋል። ቅጠል ከመፈንዳቱ በፊት ግንዱ መቆረጥ አለበት፣ ቢበዛ እስከ አራተኛው ሰባት።

“ታዲያ ቁረጠዋ” አለችው ታዙኮ።

ሳዳዩኪ አንገቱን አከከ። ቦንሳይ ፊትና ጀርባ እንዳለው የሷ ድመት እንኳ ያውቃል። የግንዱ ቁስል ወደ ጀርባ መዞር አለበት፤ የትኛው ቅርንጫፍ አዲሱ ጫፍ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደሚጣል የሚወሰነው ፊቱ ሲታወቅ ነው። አንዴ የተሳሳተ መጋዝ ሠላሳ ዓመት ያበላሻል። በተለመደው አሠራር ጥሬ ግንድ በሣጥን ተተክሎ ሦስት ዓመት ማንም ሳይነካው ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ቶኩጂ አንድ ቀን ጠዋት ይነሳና “ፊቱ በዚህ ነው” ይላል። ተሳስቶ አያውቅም ነበር። “የቶኩጂ ዓይን” እየተባለ እስከ ኪዮቶ ይወራለታል።

“እኔ ያ ዓይን የለኝም፣ እናቴ” አለ ሳዳዩኪ። “እውነቱን ልንገርዎት? አለቃም አልነበራቸውም።”

ከዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከቤት ውስጥ የእንግዶቹ ሹክሹክታና የሻይ ስኒ ድምፅ ይሰማል። ሳዳዩኪ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ጥሬ ግንድ ሲመጣ አለቃው መሀል ጓሮ ያስቀምጠዋል፤ ታዙኮ ልታጠጣ ስትወጣ እሱ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ ያያታል። የምታጠጣ ሰው ዛፉን መዞሯ አይቀርም፤ ግን ሳታውቀው አንድ ቦታ ላይ ቆም ትላለች፣ ማጠጫውን ታወርዳለች፣ ወገቧን ታቃናለች። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣና ከቆመችበት ላይ ነጭ ጠጠር ያስቀምጣል። በሦስት ዓመት ጠጠሩ የበዛበት ቦታ የዛፉ ፊት ነው።

ታዙኮ ጠጠሮቹን ታስታውሳቸዋለች። የሰፈሩን ልጆች እየረገመች ስንቴ በመጥረጊያ ጠርጋ ጥላቸዋለች።

“እርስዎ ሲጥሏቸው አለቃ የሚቆጡት እኔን ነበር” አለ ሳዳዩኪ፣ በሐዘን መካከል ፈገግታ አምልጦት። “ልጅ ሆኜ ሥራዬ እርስዎ የጠረጉትን ጠጠር ወደ ቦታው መመለስ ነበር።”

“ለምን አልነገረኝም?”

“ብነግራት እግሯ ማሰብ ይጀምራል፣ ያሰበ እግር ደግሞ አይረባኝም ይሉ ነበር። መቀስ የከለከሉዎትም ለዚሁ ነው። መቀስ የያዘ ሰው የሚቆርጠውን እንጂ ዛፉን አያይም ብለው።”

መቀሱ! ታዙኮ ለዚያ መቀስ የቋጠረችው ቂም ዕድሜው ከሳዳዩኪ ሙያ ይበልጣል። በተጋቡ በዓመቱ አንድ ቅርንጫፍ ልቁረጥ ብላ ብትጠይቀው “አንቺ ውሃሽን አጠጪ” አላት፤ ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ዘንድሮ በአዲስ ዓመት እንግዶች ዛፎቹን ሲያደንቁ ግን ሆዷ የያዘው አመለጣት። አርባ አራት ዓመት ውሃ ተሸክሜ የኔ የምለው አንድ ዛፍ የለኝም አለች፣ በሰው ፊት። እንግዶቹ ሳቁ። ቶኩጂ አልሳቀም። ስኒውን አስቀምጦ እጁን ሲያይ ቆየ።

የዚያን ቀን ማታ ታዙኮ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ልትኮራ ነው ልትናደድ አላወቀችም። የተሸለመው፣ የተመሰገነው ዓይን የሷ ነበር፤ ሌባ ነው ማለት ነው። ግን ደግሞ ማንም አያየኝም ብላ ስታማርር በኖረችበት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ከመስኮት ጀርባ ቆሞ የት ቆመች፣ የት ተነፈሰች እያለ አርባ አራት ዓመት ሲያያት ኖሯል። በዚህ ሰው ላይ እንዴት ይናደዱበታል? እንዴትስ አይናደዱበትም?

ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት የባሰ ሆነ። ዛፉን ማየት ነበረባት፤ ነገር ግን ማወቋ ራሱ አሳወራት። በቆመችበት ሁሉ “እዚህ የቆምኩት እግሬ ወዶ ነው ወይስ እኔ ፈልጌ?” ትላለች። ማጠጫውን ሞልታ ብትሞክረው፣ ባዶውን ብትይዘው፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ ልዙር ብላ የሩዝ ዋጋ ብታሰላ አልሆነም። ሳዳዩኪን በመስኮት አቁማው ነበር፤ እሱም መቆሙን ታውቃለችና አንገቷ ይደነድናል። በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ቦታ ቆመች። ጎረቤት ተሰብስቦ ምስኪን፣ ዛፍ እየዞረች ናት፣ አእምሮዋ ሳይነካ አልቀረም ይል ጀመር። ሚዮ ለሐሜቱ መልስ ስትሰጥ ዋለች፤ ማታ ላይ ግን እሷም ሰለቻት።

“ባለቤቱ ሲሞት ዛፉ ይከተለዋል፤ ድሮም የሚባል ነው” አለቻት። “ተይው፣ ይከተለው። ብቻውን ከሚሄድ።”

ታዙኮ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ሚዮ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወንድሟ በማያውቀው መንገድ ብቻውን መሄዱ አንገብግቧት ነው። ታዙኮ ግን ዛፉ እንዲከተለው አልፈለገችም። እሱ በመጨረሻ ጉልበቱ የነካው ነገር ከሱ ጋር ከጠፋ፣ ለምን እንደዋሻት የሚነግራት ከዚህ ዓለም ላይ ምንም አይቀርም።

በሦስተኛው ሰባት ኢዋኦ ዕጣን ሊያጨስ መጣ። ከሽኝቱ ወዲህ ብቅ አላለም ነበር፤ ሬሳ ያገኘ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደዋል። ታዙኮ ሻይ ቀድታለት እንዴት እንዳገኘው ጠየቀችው። ኢዋኦ በትንሽ በትንሹ ተናገረ። ቶኩጂ ጠዋት ፈቃድ ሊጠይቀው ሲያልፍ ፊቱ በርቶ ነበር። “ዛሬ ብቻዬን አንድ ላግኝ፤ ለባለቤቴ ነው፣ የሚሸጥ አይደለም” አለው። ከሰዓት በኋላ ሲያገኘው ትልቅ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ዛፉ ሥሩ ዙሪያውን ተቆርጦ ገና ከጉድጓዱ አልወጣም። ቶኩጂ ዓይኑን ከዛፉ ላይ ሳይነቅል ነው የሞተው። ጥሎት መምጣቱ ነውር ስለመሰለው ዛፉን ነቅሎ የጠቀለለው ኢዋኦ ራሱ ነው።

“ለባለቤቴ ነው” የሚለው ላይ ታዙኮ ስኒውን አስቀመጠች።

“በየት በኩል ሆኖ ነው ሲያየው የነበረው?” አለችው።

“እኔ ጓደኛዬን ሞቶ አግኝቼ የዛፍ ፊትና ጀርባ ልመርምር፣ ታዙኮ?”

ሳዳዩኪ ግን ቀና አለ። ሥሩ በሹል መጋዝ ነው የተቆረጠው፤ የሥሮቹ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል። ዛፉ ተመልሶ ቢቀመጥ፣ የተቆረጠው ከተቆረጠው ይገጥማል፤ ያኔ ድንጋዩ በየት በኩል እንደነበር ይታያል።

“እወጣለሁ” አለች ታዙኮ።

ከሐዘን ቤት ሰው አርባ ዘጠኝ ቀን ሳይሞላ ተራራ አይወጣም። የተራራዋ አምላክ የሞት ሽታ አትወድም፤ ዛፍ ትጥላለች፣ መጋዝ ታስታለች። ሚዮ ይህን ረጋ ብላ አስታወሰች። ኢዋኦም፣ በሌላ ነገር ፈሪ ያልሆነው ሰው፣ ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ የሚውሉት እዚያ ጫካ ውስጥ ነው አለና አቀረቀረ።

ታዙኮ መሬት ነክታ እጅ ነሳችው። ከአርባ ዘጠኝ ቀን በኋላ ዛፉ ማገዶ ነው አለችው። ጉልበቴን አሞኝ አብሬው ተራራ መውጣት ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ሐኪሙ ከመከልከሉ በፊትም ቢሆን ከዚያ ወዲህ አንድ ግንድ አላመጣም፣ ሰው አረጀ አለው፣ እኔም አረጀ ብዬ ነበር፤ ለካ ያለ እኔ አይታየውም ኖሯል። አንድ ጊዜ በራሱ ዓይን ለኔ መረጠ። እኔ የመረጠልኝን ሳላየው እንዴት ቁጭ ብዬ ዕጣን አጨሳለሁ? ይህን ስትል ድምፁ የሷ አልመስላት አለ።

“እሷስ ድሮ ታውቅሻለች” አለ ኢዋኦ በመጨረሻ፤ የተራራዋን አምላክ ማለቱ ነው። “ቶኩጂ የተናገረውን ረሳሽው?”

አልረሳችውም። አዲስ ሙሽሮች ሆነው ተራራ ሲወጡ እንጨት ቆራጮቹ፣ አምላኳ መልከ ጥፉና ቀናተኛ ናት፣ ሴት አታምጣ ብለው አጉረመረሙ። ቶኩጂም፣ አይዟችሁ፣ የኔዋ የሚያስቀና መልክ የላትም አላቸው። ታዙኮ ሦስት ቀን አላናገረችውም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሦስቱ ተነሱ። ኢዋኦ የተራራዋ አምላክ ከኔ የባሰ አለ ብላ እንድትጽናና የሚሰጣትን፣ መልኩ የሚያስደነግጥ የደረቀ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ከተተ። ሚዮ በር ላይ ቆማ ነበር። ስትከለክል ሰንብታ አሁን ለታዙኮ ትንሽ የጨው ጥቅል ሰጠቻት። “ስትመለሺ ትከሻሽ ላይ ሳትበትኚ እንዳትገቢ” አለች፤ የኪሞኖዋንም መቀነት አጠበቀችላት።

ሳዳዩኪ ዛፉን በጀርባው ተሸከመ። መንገዱ ረጅም አልነበረም፤ ለታዙኮ ጉልበት ግን ተራራው እጥፍ ሆነ። ጥላው ውስጥ በረዶ ገና አልቀለጠም። ኢዋኦ ዓሣውን ከአንድ ጥድ ሥር አስቀምጦ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፣ ምን እንዳለ አልተሰማም። ከጥዱ ትንሽ አለፍ ብሎ ጉድጓዱ ነበር፤ ከፊት ለፊቱም ድንጋዩ።

ሳዳዩኪና ኢዋኦ ዛፉን ወደ ጉድጓዱ አወረዱት። አዞሩት፣ አነሱት፣ ደግመው አዞሩት። ወፍራሙ ሥር ከወፍራሙ ጋር ሲገጥም ሌሎቹም ተከትለው ገጠሙ፤ ዛፉ ምንም እንዳልሆነ ሰው በቦታው ቆመ። ታዙኮ ሄዳ ድንጋዩን ተደግፋ ተቀመጠች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። አሁን አየዋለሁ አለች በልቧ፤ ለኔ ያየውን አየዋለሁ።

አየችው። አስቀያሚ ነበር።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው አለች። ዓይኗን አጠበበች፣ ጭንቅላቷን ራቅ አደረገች፣ አሁንም ያው ነው። ግንዱ ከመሬት እንደተነሳ ሆዱን ገፍቶ ወደሚያየው ሰው ይመጣል፤ ሁለት ሥሮች ከፊት ተሳስረዋል፤ ዋናው ቅርንጫፍ ከጀርባ ተደብቋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ የማይስተው ነው። ታዙኮ ሳታስበው ተነሳች።

“አንተ ሰው” አለች ወደ ድንጋዩ ዞራ። “ይኼ ነው ፊት? ሆዱን ነፍቶ ሰው ላይ የሚመጣ? ልብህን ያፈነዳህበት ይኼ ነው?” ኢዋኦና ሳዳዩኪ ተያዩ፤ እሷ ግን አላየቻቸውም። “ዋሽተኸኝ ወጥተህ፣ ብቻህን እዚህ ቁጭ ብለህ፣ ይኼን ለሷ ነው ትላለህ? አንድ ጊዜ ብትጠራኝ ምን ነበረበት! ጉልበቴን አሞኝ እንጂ ሞቼ ነበር? እያነከስኩም እመጣልህ ነበር። እግርህን አንስተህ ወደዚህ ሁለት እርምጃ ብትል እኮ…” እጇን እያወናጨፈች፣ ልታሳየው ሄደች፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። “ከዚህ ሆነህ ብታየው እኮ ሆዱ ይገባል፣ ሥሩ ይፈታል፣ ያ የደበቅከው ቅርንጫፍ ራሱ…”

ቆመች። ወገቧ ቀና ብሏል። እጆቿ ወደ ታች ወርደዋል።

ከዚህ በኩል ዛፉ ከመሬት ይነሳና ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ ሐሳቡን ለውጦ እንደገና ወደ ሰው ይመለሳል። ታዙኮ ለረጅም ጊዜ አየችው። የመረጠላት ዛፍ ጥሩ ዛፍ ነበር። የተሳሳተው በሦስት እርምጃ ብቻ ነው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም፤ እያለቀሰች ትስቅ ነበር፣ ሁለቱን መለየት አልቻለችም፣ መለየትም አልፈለገች።

“አየህ?” አለች ሳትዞር።

“አየሁ፣ እናቴ” አለ ሳዳዩኪ።

መጋዙን ከሽፋኑ አወጣና ሊጠጋ ሲል ቆም አለ። ከዚያም በሁለት እጁ ይዞ ወደሷ ዘረጋው። ታዙኮ መጋዙን አየችው፣ ሳዳዩኪን አየችው፣ ተቀበለችው። ከምትገምተው ይልቅ ይከብዳል። ሳዳዩኪ መቁረጫውን በጣቱ አሳያት፤ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ በላይ፣ ወደ ጀርባ ዘቅዘቅ አድርጎ። ግንዱን በሁለት እጁ ያዘላት።

በታመመው ጉልበቷ ጥንቃቄ እያደረገች በረዶው ላይ ተንበረከከች፤ የመጋዙን ጥርስ ግንዱ ላይ አስቀመጠች። ልትስበው ስትል ግን አንገቷን መለስ አድርጋ ቶኩጂ ተደግፎት የሞተውን ድንጋይ አየችው። በሱና በዛፉ መካከል ጀርባዋ ነበር።

እንዳትጋርደው ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ከዚያ መጋዙን ሳበች።